«ርካሽ ጂኦተርማል» ሲሉን ምን እንጠይቅ? የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የንጽጽር መመሪያ

ፈርነሳችን የቆመው ጃንዋሪ ውስጥ፣ ሌሊት ነው። ልጆቹን ጋቢ ደራርበን አሳደርናቸው። በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሦስት ሻጮች ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን መጥተው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወረቀት ዘረጉ። አንደኛው እንደ ድሮው የጋዝ ፈርነስ ነው። ሁለተኛው ደጅ የሚቀመጥ ሂት ፓምፕ። ሦስተኛው «አዲሱና ርካሹ ጂኦተርማል» ይላል። የሦስተኛው ወረቀት ግርጌ ላይ የፌደራል ታክስ ክሬዲት ተብሎ 30 በመቶ ከዋጋው ተቀንሷል። ያ ክሬዲት ግን ዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅቷል። ሰውየው አያውቅ ይሆናል፤ ወረቀቱን ያተመው ድርጅት ግን ማወቅ ነበረበት። የተቀነሰውን መልሼ ስደምረው ዋጋው የሁለተኛውን ወረቀት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲህ በዕድር ስብሰባም በቤተ ክርስቲያን ግቢም ጉዳዩን ሳነሳ ተመሳሳይ ወረቀት የደረሳቸው ብዙ ናቸው። ይህን የጻፍኩት ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ወይም ሌላ ብርድና ሙቀት የሚፈራረቅበት ግዛት ቤት ኖሯችሁ፣ ያረጀውን ማሽን በምን እንተካው ለምትሉ ነው። የማንንም ዕቃ ግዙ አልልም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

ጂኦተርማል ሲባል የኛ ሰው ቶሎ የሚታየው አሉቶ ላንጋኖ ነው፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ፣ እንፋሎት ወጥቶ፣ ተርባይን ዞሮ መብራት ሲመነጭ። ለቤት የሚሸጡልን ግን ያ አይደለም። እዚህ የሚፈለገው ትኩስ መሬት ሳይሆን የማይለዋወጥ መሬት ነው። ላሊበላ ቀትር ላይ ከፀሐይ ወደ ውቅሩ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ቅዝቃዜውን ያውቀዋል፤ እህል በጉድጓድ የሚያስቀምጥ ገበሬም ያውቀዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ከመሬት በታች አሥር ሜትር ያህል ሲወረድ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ 55 ፋራናይት ገደማ ነው። ደጁ 15 ቢሆንም፣ 95 ቢሆንም።

ማሽኑ የሚሠራው እንደ ፍሪጅ ነው። በዊንተር በቱቦ የሚዞረው ውሃ ከመሬት የለቀመውን ሙቀት ኮምፕረሰሩ አጠንክሮ ቤት ውስጥ ይለቅቀዋል፤ በሰመር ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወስዶ መሬት ውስጥ ይጥለዋል። ደጅ የሚቀመጠው ሂት ፓምፕም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ የሱ ምንጭ አየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን «የመሬት»፣ ሌላውን «የአየር» ሂት ፓምፕ ብዬ እቀጥላለሁ።

«አዲስ ቴክኖሎጂ» የሚለው ቃል ብዙ አያስደንቃችሁ። ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ያለው የኮመንዌልዝ ህንፃ ከ1948 ጀምሮ በከርሰ ምድር ውሃና በሂት ፓምፕ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ኖሯል። አዲስ ነገር ካለ የቁፋሮው መንገድና የገንዘቡ አከፋፈል ላይ ነው። መመርመር ያለብንም እነዚህን ሁለቱን ነው።

መመዘኛዎቹ

የትኛውንም ወረቀት ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ለራሳችሁ ጻፉ።

1. ቤቱ የሚፈልገው ስንት ነው? በካሬ ጫማ ተገምቶ ሳይሆን ማኑዋል ጄ በሚባለው ስሌት፣ መስኮቱና ጣሪያው ተቆጥሮ። የማሽን አቅም የሚለካበት አንድ «ቶን» በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ነው።
2. ያለምንም ክሬዲትና ቅናሽ ሙሉ ዋጋው ስንት ነው?
3. በዓመት የሚያስወጣኝ ስንት ነው፣ በራሴ ቢል ሲሰላ?
4. ግቢዬና ፈቃዱ ይመቻሉ?
5. ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መሬት ውስጥ ያለው ሲበላሽስ?
6. ቤቱን ብሸጥ ውሉ ምን ይሆናል?

ከሁሉም አብልጬ የማየው ሁለተኛውንና አምስተኛውን ነው።

«ርካሽ» የሚባለው ከየት መጣ?

በመሬት ሂት ፓምፕ ትልቁ ወጪ ቁፋሮው ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ ከሌሎቹ በብዙ ሺህ ዶላር ወርዶ ሲመጣ የጎደለውን ገንዘብ መፈለግ የኛ ሥራ ነው። ወይ በእውነት ወርዷል፣ ወይ ለነገ ተላልፏል፣ ወይ ከመሬት ስር ጎድሏል።

በእውነት የሚወርድበት መንገድ አለ። ግልጽ የሆነው፣ ሰፈሩ ገና ሲሠራ አንዱ ማሽን ከግቢ ወደ ግቢ እየተዘዋወረ በተከታታይ ሲቆፍር ነው። ማሽኑን ማጓጓዝ፣ አጥር ማፍረስ፣ ሳር መተካት የሚባል ነገር የለም። ኮሎራዶ ውስጥ ዳንዴሊዮን የተባለው፣ በ2017 ከጉግል የምርምር ክፍል የወጣው ኩባንያ፣ ሌናር ከተባለው ቤት ሠሪ ጋር ከ1,500 በላይ አዳዲስ ቤቶች ላይ ሊሠራ በ2025 የተስማማው በዚህ መንገድ ነው። አነስ ያሉ፣ በጠባብ ግቢ የሚገቡ መቆፈሪያዎችም ወጪ ይቀንሳሉ። ስዊድን የሚኖሩ ዘመዶቻችን ይህን አይተውታል፤ እዚያ የመሬት ሂት ፓምፕ የተለመደ የቤት ዕቃ ነው፣ ቆፋሪውም ብዙ ነው። እዚህ ግን ያረጀ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ቤት ብቻ የሚመጣ ማሽን ያንን ቅናሽ ይዞ አይመጣም። ለኮሎራዶ አዲስ ሰፈር የተባለውን ዋጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ የ1960ዎቹ ቤት የሚጠቅስ ሻጭ ካለ፣ ቁጥሩ ለናንተ አልተሰላም።

ለነገ የሚተላለፈው በኪራይ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ የባለቤቶችን ክሬዲት ቢያነሳም ለድርጅቶች የሚሰጠውን አላነሳም። ስለዚህ ኩባንያው ራሱ የማሽኑ ባለቤት ሆኖ ክሬዲቱን ይወስድና ለናንተ በወር ያከራያችኋል። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ለአንዳንድ ቤተሰብ ጥሩም ሊሆን ይችላል። ግን በየዓመቱ የሚጨምረውን መቶኛ ፈልጉ። በወር 150 ዶላር ጀምሮ በየዓመቱ 3 በመቶ የሚጨምር የ20 ዓመት ውል በመጨረሻው ዓመት በወር 263 ዶላር ይደርሳል፤ ሲደመር 48,000 ዶላር አልፏል። «ዜሮ ዳውን ፔይመንት» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ይህን ድምር አያየውም፤ እኔም ካልኩሌተር ይዤ እስክቀመጥ አላየሁትም። በብድር የሚሸጡትም ላይ «ካሽ ብከፍልስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የካሽ ዋጋው በብዙ ከወረደ፣ ልዩነቱ ዝቅተኛ ወለድ ለማስመሰል ዋጋው ላይ የተጫነ ክፍያ ነው። በሶላር ብድር ስንቶቻችን የተነካነው በዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ የሚያስፈራኝ፣ ከመሬት ስር የሚጎድለው ነው። ቀጥ ብሎ ለሚቆፈር ጉድጓድ የተለመደው ግምት ለአንድ ቶን ከ150 እስከ 200 ጫማ ነው። ሦስት ቶን የሚፈልግ ቤት በድምሩ ከ450 እስከ 600 ጫማ ይፈልጋል ማለት ነው። 250 ጫማ ብቻ ቆፍሮ ሦስት ቶን እሰጣለሁ የሚል ካለ የመሬቱን ዓይነትና ስሌቱን በጽሑፍ ያምጣ። ያጠረ ቱቦ የመጀመሪያው ዊንተር ላይ ላይታወቅ ይችላል። ቀስ በቀስ ግን ውሃው በጣም እየቀዘቀዘ ይመለሳል፣ ማሽኑ ይደክማል፣ ከዚያ ረዳት ተብሎ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብዙውን ሰዓት ይሠራል። ቴክሳስ በመሰለ ማቀዝቀዝ በሚያመዝንበት ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መሬቱ ከዓመት ዓመት እየሞቀ ይሄዳል። ማሽን ሲበላሽ ይቀየራል፤ ያጠረ ጉድጓድ ግን እንደገና መቆፈር ነው።

የሻጩን ቁጥሮች ስንፈትሽ

«ቢልዎን እስከ 70 በመቶ ይቀንሳል።» ይህ ቁጥር ሥር አለው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1993 ባወጣው ጥናት የመሬት ሂት ፓምፕ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያና ከተለመደ ኤሲ ጋር ሲነጻጸር ፍጆታን እስከ 72 በመቶ፣ ከአየር ሂት ፓምፕ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ እስከ 44 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ሻጮቹ ትልቁን አንስተው ትንሹን ይተዋሉ። «እስከ» የምትለዋ ቃልም ትረሳለች። በዚያ ላይ ጥናቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአየር ሂት ፓምፕ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል።

«ብቃቱ 400 በመቶ ነው።» ይህ ውሸት አይደለም፤ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ አራት እጅ ሙቀት ይሰጣል ማለት ነው። ሲኦፒ የሚሉት ይህን ነው፤ 400 በመቶ ማለት ሲኦፒ 4። ኤነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት የቁጠባ ምልክት ለተለመደው የዝግ ቱቦ (ያው ውሃ ደጋግሞ የሚዞርበት) ማሽን የሚጠይቀው ዝቅተኛው 3.6 ነው። ችግሩ ቁጥሩ የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ውሃውን በረጅሙ ቱቦ የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ አይቆጠርም። ቤት ሲደርስ ከወረቀቱ ዝቅ ይላል። ለሂሳብ 3.5 ውሰዱ፤ ሻጩ ከዚያ በላይ ካለ ያስረዳ።

«50 ዓመት ዋስትና አለው።» ቱቦው አዎ፤ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ጥቁሩ ፕላስቲክ ከ50 ዓመት በላይ እንደሚቆይ የኤነርጂ ሚኒስቴሩም ይናገራል። ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ግን ከ20 ዓመት ትንሽ ዘለግ ቢል ነው፤ የኮምፕረሰሩ ዋስትናም ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ነው። ጉልበቱን፣ ማለትም የሠራተኛውን ክፍያ፣ ዋስትናው ይሸፍናል ወይ? ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡ በወረቀት

አሁን ወደ ዋናው። ሻጭ ሁልጊዜ አዲሱን ማሽን የሚያነጻጽረው ካረጀው ማሽናችሁ ጋር ነው። ያ ንጽጽር አሳሳች ነው፤ አሮጌው እንደሆነ ተሰናብቷል። መነጻጸር ያለበት በእጃችሁ ካለው ከሚቀጥለው ጥሩ አማራጭ ጋር ነው።

በዓመት 600 ቴርም (ጋዝ ቢል ላይ የሚቆጠርበት መለኪያ) ጋዝ ለማሞቂያ የሚያቃጥል ቤት እንውሰድ፣ ፈርነሱ 95 በመቶ ብቃት ያለው። ቤቱ በእውነት ያገኘው ሙቀት 570 ቴርም ነው። አንድ ቴርም 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ወደ 16,700 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት። ኤሌክትሪኩን በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም፣ ጋዙን በቴርም 1.60 ዶላር እናድርገው። እነዚህ ለምሳሌ ናቸው፤ በናንተ ቢል ተኩዋቸው።

የመሬት ሂት ፓምፕ በ3.5 ሲኦፒ 4,770 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በዓመት 860 ዶላር ገደማ። የአየር ሂት ፓምፕ በዋሽንግተን አካባቢ ብርድ በአማካይ 2.8 ቢሰጥ 5,960 ይበላል፤ ወደ 1,070 ዶላር። ጋዙ 960 ዶላር። ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ግድግዳ ስር የሚዘረጋው ዓይነት፣ 3,000 ዶላር።

የመሬቱና የአየሩ ልዩነት በዓመት 210 ዶላር ነው። በሰመር ሌላ 100 ዶላር ቢቆጥብ እንኳ 310። የመነሻ ዋጋቸው ልዩነት 15,000 ዶላር ከሆነ ያን ለመመለስ ወደ 48 ዓመት ይፈጃል። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሚሞቅ ሰው ሻጩ «በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ይቆጥባሉ» ቢል አልዋሸም፤ ግን ከዚያ ቁጠባ አብዛኛውን የአየሩም ይሰጣል።

ሚኒሶታ ሂዱ ደግሞ መልሱ ይለወጣል። ቤቱ 1,000 ቴርም ሙቀት ይፈልግ፣ የአየሩ ማሽን በዚያ ብርድ በአማካይ 2.2 ይስጥ፣ የመሬቱ 3.4። ልዩነቱ በዓመት 4,700 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ16 ሳንቲም 750 ዶላር። ያው 15,000 ዶላር በ20 ዓመት ይመለሳል፤ ቱቦው ገና ግማሽ ዕድሜውን አልጨረሰም። ቁፋሮ ትርጉም የሚሰጠው ብርዱ በጠናበት፣ ቤቱ በሰፋበት፣ ኤሌክትሪኩ በተወደደበት ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ቀጥ ያለ ጉድጓድ፣ ዝግ ቱቦ።* የታወቀውና የተፈተነው ይህ ነው። ቦታ አይፈጅም፤ ጉድጓዶቹ ግን 20 ጫማ ያህል መራራቅ አለባቸው፣ መኪናውም መግባት አለበት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ድንጋይ ነው፣ ወደ ደቡብ ሜሪላንድ ሲወረድ አሸዋና ሸክላ ነው፤ ሁለቱም ይቆፈራሉ፣ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። በሰፈራችን ሲጠራ የምሰማው ከ28,000 እስከ 45,000 ዶላር ነው።

*አግድም ቱቦ።* ከ4 እስከ 6 ጫማ ጥልቀት ባለው ቦይ ይዘረጋል። ቁፋሮው በኤክስካቫተር ስለሆነ ይረክሳል፣ ግን ሰፊ መሬት ይጠይቃል። ገጠር ቀመስ ቦታ ለሚኖር ጥሩ ነው።

*የጉድጓድ ውሃ በቀጥታ።* ውሃ ተስቦ ማሽኑ ውስጥ አልፎ ይወጣል። በወረቀት ላይ ብቃቱ ከሁሉም ይበልጣል። ግን ውሃው ብረትና ካልሲየም ካለው ማሽኑን ይዘጋዋል፤ የሚወጣውን ውሃ የት እንደምታፈሱም ፈቃድ ይጠይቃል። ውሃው ሳይመረመር እሺ አትበሉ።

*የመዳብ ቱቦ፣ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ጋዝ ራሱ መሬት ውስጥ የሚዞርበት።* «ርካሽ ጂኦተርማል» ተብለው ከሚቀርቡት አንዱ ይህ ነው። ጉድጓዶቹ ቀጭንና አጭር ናቸው፣ የውሃ ፓምፕ የለውም፣ ብቃቱም ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መዳቡ ነው፤ አሲድ ባለው አፈር ውስጥ መከላከያ ካልተደረገለት ይበላል፣ ካፈሰሰ ደግሞ የፈሰሰው ውሃ ሳይሆን ብዙዎቻችን ፍሪዮን የምንለው ጋዝ ነው። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ አሮጌው አር-410ኤ የተባለው ጋዝ ለአዳዲስ የቤት ኤሲና ሂት ፓምፖች ቀርቶ አር-454ቢና አር-32 እየተተኩ ነው። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በኋላ መሬት ውስጥ ላለው ቱቦ የሚሆን ጋዝና የሚያውቀው ባለሙያ በአካባቢያችሁ ይኖራል ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። አጠገባችሁ የሚጠግነው ሦስት ድርጅት ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ።

*የጋራ መረብ።* ሰፈሩ በሙሉ አንድ የውሃ ቱቦ ይጋራል፣ ባለቤቱም የጋዝ ወይም የመብራት ኩባንያው ነው። ማሳቹሴትስ፣ ፍሬሚንግሃም ውስጥ ኤቨርሶርስ በጁን 2024 ያስጀመረው 36 ያህል ህንፃዎችን ያገናኛል፤ በአገሪቱ በዚህ መልክ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ግዛት ሎዌል ላይ ናሽናል ግሪድ የጀመረው ግን ወጪው ከታሰበው በላይ ስለሆነ ቆሟል። ሜሪላንድም በ2024 የጋዝ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ሙከራ እንዲያቀርቡ የሚያዝ ሕግ አውጥታለች። ለታውንሃውስና ለኮንዶ ነዋሪ፣ የራሱ ግቢ ለሌለው ወገናችን፣ በር የሚከፍተው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ግን ደውላችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም። የካውንቲ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሰፈራችንን ጨምሩ ማለት ይቻላል፤ እኛ ደግሞ በዚህ ስብሰባ ላይ ብዙም አንታይም።

*ለብርድ የተሠራ የአየር ሂት ፓምፕ።* ሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች የሚጠቀሙበት የብርድ ማሽኖች ዝርዝር በ5 ፋራናይት ሲኦፒ ቢያንስ 1.75 ይጠይቃል፤ የዋሽንግተን ዊንተር እዚያ የሚደርስባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። 13,000 እስከ 22,000 ዶላር ሲባል እሰማለሁ። ድምፁ ደጅ ነው፣ በረዶ ሲሸፍነው መጥረግ ይፈልጋል፣ ዕድሜው ወደ 15 ዓመት ነው።

*ጋዝ ፈርነስና ኤሲ።* የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው በየሰፈሩ አለ። ጋዙ ርካሽ ለሆነበትና ገንዘቡ ለጠበበት ሰው ነውር የለውም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግን ይኑራችሁ።

| አማራጭ | መነሻ ዋጋ | የዓመት ወጪ | ቦታና ፈቃድ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ቀጥ ያለ ጉድጓድ | በጣም ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መኪና መግቢያ፣ የቁፋሮ ፈቃድ | ያጠረ ቁፋሮ |
| አግድም ቱቦ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ሰፊ መሬት | በቂ ያልሆነ ጥልቀት |
| የጉድጓድ ውሃ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | የውሃ ምርመራና ማፍሰሻ ፈቃድ | ዝገትና ደለል |
| የመዳብ ቱቦ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ትንሽ ግቢ ይበቃል | መፍሰስ፣ ጠጋኝ ማጣት |
| ኪራይ | ዜሮ ወይም ትንሽ | ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል | እንደ ጉድጓዱ | ቤት ሲሸጥ ውሉ |
| የጋራ መረብ | ትንሽ | ገና አልታወቀም | በሰፈር ውሳኔ | ላይመጣ ይችላል |
| የአየር ሂት ፓምፕ | መካከለኛ | መካከለኛ | ትንሽ ቦታ | በከባድ ብርድ መድከም |
| ጋዝና ኤሲ | ዝቅተኛ | በጋዝ ዋጋ ይወሰናል | ተጨማሪ ቦታ አይፈልግም | የጋዝ ዋጋ መውጣት |

ለማን የትኛው

ዋሽንግተን አካባቢ በጋዝ የምትሞቁ፣ መካከለኛ ቤት ያላችሁ፦ የአየሩን ወይም ጋዙን አወዳድሩ፤ የመሬቱን ዋጋ ለማወቅ ብቻ ጠይቁ። እኛ ራሳችን መጀመሪያ ጣሪያ ስር ያለውን ክፍተት አስደፍነን ኢንሱሌሽን አስጨመርን። ስሌቱ እንደገና ሲሠራ ቤታችን ከአራት ቶን ወደ ሦስት ወረደ። ከዚያ የአየሩን አስገባን።

በፕሮፔን፣ በዘይት ወይም በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትሞቁ፦ መለወጡ ራሱ ብዙ ያተርፋችኋል። አየር ይሁን መሬት የሚለውን ግን ከላይ ባለው ሂሳብ ለይቱት።

ሚኒሶታ፣ ዳኮታና መሰል ብርድ ያላችሁ፣ ቤቱን ለልጆቻችሁ የምታወርሱ፦ ቀጥ ያለው ጉድጓድ ዋጋውን ያወጣል፣ በተለይ አዲስ ቤት እያሠራችሁ ከሆነ።

በአምስት ዓመት ውስጥ የምትዛወሩ፦ አትቆፍሩ፣ ኪራይም አትግቡ። የኪራይ ውል ብዙ ጊዜ ቤቱ መዝገብ ላይ ይመዘገባል፤ ገዢው አልቀበልም ካለ ቀሪውን እናንተ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

ታውንሃውስ ያላችሁ፦ ከሻጩ በፊት የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ደንብ አንብቡ። መሬቱ የጋራ ከሆነ ጉድጓዱም የናንተ አይሆንም።

በራዲያተር የሚሞቅ አሮጌ ቤት ያላችሁ፦ ራዲያተሩ የለመደው ከ160 ፋራናይት በላይ ውሃ ነው፤ ብዙው ሂት ፓምፕ 120 አካባቢ ነው የሚሰጠው። የራዲያተር መቀየሪያው ዋጋ ኤስቲሜቱ ውስጥ ይግባ።

አንድ ቡድን አለ ማንም የማያስታውሰው፦ የቀድሞው ባለቤት መሬት ውስጥ ቱቦ ያስቀበረበትን ቤት የገዛችሁ። ቤዝመንት ውስጥ ከግድግዳ የሚወጡ ሁለት ወፍራም ጥቁር ቱቦዎች ካያችሁ ማንም «አሮጌ ነው፣ ይጣል» ቢላችሁ እንዳትሰሙ። ውዱ ነገር ተቆፍሮ ተቀምጧል። ግፊቱ ይፈተሽ፣ ደህና ከሆነ ማሽኑን ብቻ ቀይሩ።

ከመፈረም በፊት

ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩ የምላቸው እነዚህ ናቸው፦ የማኑዋል ጄው ውጤት፣ የጉድጓዶቹ ብዛትና የእያንዳንዱ ጥልቀት በጫማ፣ ድንጋይ ወይም ውሃ ቢያጋጥም ተጨማሪ ክፍያ አለ ወይስ የለም፣ የቱቦው የግፊት ፈተና፣ ግቢውን ወደነበረበት የሚመልሰው ማን እንደሆነ፣ ክሬዲት ሳይቀነስ ያለው ሙሉ ዋጋ። ከቁፋሮው ቀናት በፊት 811 ላይ ተደውሎ የጋዝና የመብራት መስመሩ ላይ ምልክት ይደረግ። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ግዛቱ ለጂኦተርማል የሚሰጠውን፣ ሊሸጥ የሚችለውን የኤነርጂ ሰርተፊኬት ጥቅም በውሉ ላይ ማን እንደሚወስድ እዩ፤ የኪራይ ድርጅቱ ለራሱ ጽፎት ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ሙሉ ቆሜ ያየሁት ቁፋሮ አለ። ኦልኒ የሚኖር የዕድራችን አባል ነው፤ ቤቱ ትልቅ፣ ግቢው ሰፊ፣ የሚሞቀውም በፕሮፔን። የአየሩ አማራጭ ለሱ ሁለት ማሽንና አዲስ የኤሌክትሪክ ሳጥን ስለጠየቀ የዋጋው ልዩነት 9,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ጡረታውንም እዚያው ሊያሳልፍ አስቧል። እሱ ቢቆፍር ልክ ነው አልኩት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ሳሩን እየጨፈለቀ ገባ። መቆፈሪያው ድንጋዩን ሲያገኝ ግራጫ ጭቃ እየተፋ በተዘረጋው ሸራ ላይ ይፈሳል፤ ሰው ለሰው መደማመጥ የለም። የሚወርደው በዘንግ ነው፣ እያንዳንዱ ዘንግ 20 ጫማ። ውሉ በየጉድጓዱ 300 ጫማ ይላል። ስለዚህ ወንድማችን በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ፤ አንድ ዘንግ በገባ ቁጥር አንድ መስመር ይጭራል። ቆፋሪው አይቶት ሳቀና ጣቱን እያነሳ አብሮት ይቆጥር ጀመር። ከዚያ ጫፉ ላይ የታጠፈው ጥቁር ቱቦ ከጥቅሉ እየተፈታ ወረደ። ቱቦው ላይ ጫማው በየቦታው ታትሟል፤ አፉ ላይ የቀረውን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አነሳው። በመጨረሻም ሸክላ መሳይ ማሸጊያ ከታች ወደ ላይ ተሞላ። ወረቀቱ ላይ ያሉት መስመሮች አሥራ አምስት ነበሩ፤ በማግስቱ ለሁለተኛው ጉድጓድም ወንበሩ እዚያው ነበር።